ዋስ ያጣሁበት አውጫጭኝ

ይህን ታሪክ ለሰው ስነግር ሁለት ዓይነት አድማጭ ይገጥመኛል። አንዱ «በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር አለ እንዴ?» ብሎ ይስቃል። ሌላው ግን «ከዚያ በኋላ እዚያው ሰፈር ኖርክ?» ይለኛል። እናንተ ከየትኛው ወገን እንደሆናችሁ አንብባችሁ ስትጨርሱ ታውቁታላችሁ። የእኔን መልስ ግን ከወዲሁ ልስጣችሁ፤ አዎ፣ አለ። አዎ፣ እዚያው ኖሬያለሁ።

ያኔ ገና ጎልማሳ ነበርኩ። ስሜ ታደለ ነው፤ ሙያዬ የቤት ኤሌክትሪክ መዘርጋት። ተወልጄ ያደግሁት ወላይታ ሶዶ ሲሆን ደብረ ማርቆስ የገባሁት አንድ ተቋራጭ የሕንፃ ሥራ ይዞ ሲመጣ አብሬው ነው። ሥራው አለቀ፣ ተቋራጩ ሄደ፣ እኔ ቀረሁ። የቀረሁት ብርዱን ወድጄው እንዳይመስላችሁ። ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ ወዲህ ከተማው በየአቅጣጫው እየሰፋ ነበር፤ ቤት በተሠራ ቁጥር ሽቦ የሚዘረጋ ሰው ይፈለጋል። ሚስቴን አስቴርን ከሶዶ አመጣኋት። ልጃችን እዚሁ ተወለደች፤ አፏን የፈታችውም በጎጃም አማርኛ ነው። አባቷን «እሽ» ስትለኝ በሳቅ እፈርስ ነበር።

ቦታ ያገኘሁት የቤት ሠሪዎች ማኅበር ውስጥ ገብቼ ነው። ከከተማው ዳር፣ ወደ አማኑኤል በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት የጤፍ ማሳ የነበረ ሜዳ ተሸንሽኖ ተሰጠን። የማሳው ባለቤቶች ካሳ ተቀብለው መሬቱን ለቀዋል፤ ቤታቸው ግን አልተነካም፤ እዚያው ከፍ ብሎ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ነው። በእነሱና በእኛ መካከል በበጋ የምትደርቅ አንዲት ወንዝ አለች፤ ከወንዟ ማዶ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ባሕር ዛፍ። እነሱ ላይ ሰፈር፣ እኛ ታች ሰፈር ተባልን። ወንዟን በአንድ እርምጃ የሚሻገሯት ቢሆንም እኛ ወደ ላይ አንወጣም፤ እነሱም ወደ ታች የሚወርዱት ወደ ገበያ ሲያልፉ ብቻ ነው።

ታች ሰፈር የሌለ ዓይነት ሰው አልነበረም። የመንግሥት ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ መምህሩ፤ ከባሕር ዳር የመጣ፣ ከጎንደር የመጣ፣ ከአዲስ አበባ የተዛወረ። የደቡብ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ጴንጤም እኔ ብቻ። ይህ አስጨንቆኝ አያውቅም። አፌን ሞልቼ «እኛ ታች ሰፈሮች» ነበር የምለው። የላይ ሰፈር ሰው ሁላችንንም በጅምላ «እንግዶቹ» ይለናል። ቤት ከሠራን፣ ልጅ ከወለድን በኋላ እንኳ እንግዶቹ ነን። የእኛዎቹ በበኩላቸው እነሱን «ባላገሮቹ» ይሏቸዋል፤ አባባሉ ደስ አይልም።

ጠባችን ከብት ነበር። ማሳው የእኛ ይሁን እንጂ ከብቶቹ ይህን የነገራቸው ሰው የለም። ድሮ የለመዱትን መንገድ ይዘው ይመጡና የተከልነውን ጎመን ሙልጭ አድርገው ይሄዳሉ። እኛ በእሾህ ሽቦ እናጥራለን፣ እነሱ ሽቦው ከብታችንን ቆረጠው ብለው ይቆጣሉ። የማኅበራችን ሊቀ መንበር አቶ ስንታየሁ አንድ እሑድ ስብሰባ ጠርቶ «ከእንግዲህ ልቅ በሚለቀቅ ከብት ላይ እርምጃ ይወሰዳል» ብሎ አስወሰነ። ምን ዓይነት እርምጃ እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። ቢሮ የለመደ ሰው ስለሆነ ቃሉ ደስ ብሎት ነው። ላይ ሰፈር ግን ቃሉ ደረሰ።

እማማ ጥሩነሽ የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ከላይ ሰፈር ነበሩ። ዳልቻ መልክ ያላት አንዲት ላም አለቻቸው፤ ሌላ ከብት የላቸውም። ዳልቻዋ ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ወንዟን ትሻገርና በጓሮዬ አጥር ላይ አንገቷን ታስገባለች። አትክልት አትነካም፤ ቆማ ትጠብቃለች። አስቴር ጎመን ስትቀነጥስ የምትጥለውን ቅጠል አቅፌ ወጥቼ በእጄ አበላታለሁ። ምላሷ ሻካራ ነው፤ መዳፌን ስትልሰኝ ቀኑን ሙሉ መሰላል ላይ የዋልኩበት ድካም ይለቀኛል። ከእሷ ሌላ ከላይ ሰፈር ወዳጅ አልነበረኝም፤ ቢያስቃችሁም እውነቱ ይኸው ነው።

በዐቢይ ጾም ወቅት፣ ሣር የሚባል ነገር ከምድረ ገጽ በጠፋበት ጊዜ፣ ዳልቻዋ ሞተች። ማታ ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ አፏ አረፋ ደፍቆ ነበር አሉ፤ ንጋት ላይ ወደቀች። የእማማ ጥሩነሽ ለቅሶ እኛ ቤት ድረስ ተሰማ። ከዚያ ቀደም ብሎ የሌላ ሰው ጥጃም በዚሁ መልክ ሞቶ ስለነበር ላይ ሰፈር ሁሉ በአንድ ቃል «መርዝ ነው» አለ። ሳይታረድ የሞተ ከብት በክት ነውና ማንም ሆዷን ልክፈት አላለም። በገመድ ጎትተው ከታች ካለው ገደል ለጅብ ጣሏት።

በማግስቱ ማለዳ ጥሩንባ ተነፋ። ከላይም ከታችም፣ የቤት አባወራ የሆነ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ትልቅ ወይራ ሥር ይሰብሰብ ተባለ። የቀረ ሰው ራሱ አጥፊ ነው። ቀበሌውም ያውቃል ተብሎ ስለነበር የታች ሰፈር ሰው እያጉረመረመ ወጣ።

ከወይራው ሥር ስንደርስ የላይ ሰፈር ሰዎች ቀድመው ጋቢያቸውን ተከናንበው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። እኛ ከእነሱ ራቅ ብለን በሌላው ወገን ተቀመጥን። ማንም እንዲህ ተቀመጡ አላለንም፤ ነገሩ በራሱ ለሁለት ተከፈለ። ጋሼ ውበቱ የሚባሉ ቀጭን ረጅም ሽማግሌ፣ በዚያ አካባቢ ነገር ሲበላሽ የሚጠሩ ሰው፣ ጭራቸውን ይዘው ተነሡ።

«እንግዲህ ይኼ አውጫጭኝ ነው» አሉ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «ለማታውቁት ልንገራችሁ። አጥፊው እስኪገኝ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። አንድ በአንድ ወደ ሽማግሌዎቹ ትቀርባላችሁ፣ መስቀል ተሳልማችሁ ትምላላችሁ፣ ያያችሁትን የሰማችሁትን በጆሯችን ትነግሩናላችሁ። የሚነግረን ሰው ወፍ ይባላል። የወፍ ስም እስከ መቃብር አይወጣም፤ እኛም ምለንበታል። ያላየውን አየሁ ያለ ግን ለሰማይም ለምድርም መልስ ይስጥ።»

አጠገቤ የነበረው አቶ ስንታየሁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «በሞባይል ዘመን በወፍ ተያዝን!» አለኝ። ዙሪያችን የነበሩ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ስሳቅ አንድ የላይ ሰፈር ሽማግሌ ዞረው አዩኝና መልሰው ፊታቸውን አዞሩ።

ነገሩ ቀጠለ። ሽማግሌዎቹ ከቄሱ ጋር ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠዋል፤ ሰው ተራ በተራ እየሄደ ጎንበስ ይላል፣ ያንሾካሹካል፣ ይመለሳል። የላይ ሰፈር ሰው ሲመለስ ፊቱ ጭልም ብሎ ነው፤ መስቀሉ ፊት የተናገረው ነገር የከበደው ይመስላል። የእኛዎቹ እየተሳሳቁ ሄደው እየተሳሳቁ ይመለሳሉ። ፀሐይዋ እየከረረች መጣች። ጾም ስለሆነ ላይ ሰፈር ለእህል ውኃ አልቸኮለም። ታች ሰፈር ግን ቢሮ የሚገባ አለ፣ ሱቅ የዘጋ አለ፣ ስልክ በየደቂቃው ይጮሃል። አንዱ «ዝም ብሎ የሆነ ነገር ሹክ ብሎ መገላገል ነው» ሲል ሰማሁ። እኔ ሳንድዊች ይዤ መጥቼ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ጿሚ መካከል አውጥቼ መብላት አቅቶኝ ኪሴ ውስጥ ፈረፈርኩት።

ተራዬ ደረሰ። ቄሱ መስቀሉን ዘረጉልኝ።

«አባቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «እኔ የምሄድበት ቤተ ክርስቲያን መስቀል መሳለም የለም። በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ።»

ቄሱ መስቀሉን ሳይመልሱ ጥቂት ቆዩ። ጋሼ ውበቱ «ግድ የለም፣ በለመደው ይማል» አሏቸው። ማልኩ። ምንም አላየሁም፣ ምንም አልሰማሁም ብዬ ተመለስኩ። እውነት ነበር። ግን ከኋላዬ ያለው ጉርምርምታ እስከ መቀመጫዬ ተከተለኝ።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ሽማግሌዎቹ ለብቻቸው ተማከሩ። ከዚያ ጋሼ ውበቱ መጥተው ከመካከል ቆሙና «ታደለ የሚባለው፣ ኤሌክትሪክ ሠሪው፣ ይነሣ» አሉ።

መጀመሪያ የመሰለኝ አምፖል የሚሠራላቸው ሰው ፈልገው ነው። እመኑኝ፣ ሰው እንዲህ ያለ ቂል ነው። ተነሣሁ።

«ወፍ ስምህን ጠርቷል» አሉኝ። «ዳልቻዋ ከመሞቷ በፊት በነበረው ቀን፣ ወደ ማታ ግድም፣ በጓሮ አጥርህ ላይ አንዳች ነገር አብልተሃታል ተብሏል። እውነት ነው ሐሰት?»

«እውነት ነው» አልኩ።

ከሕዝቡ መካከል «እህ!» የሚል ድምፅ ወጣ። የላይ ሰፈር ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አየኝ።

«ምን አበላሃት?»

«ጎመን። የጎመን ቅጠል።»

«ለምን?»

«ጎመን ስለምትወድ ነው።»

ሰው ሳቀ። ሳቁ የደስታ አልነበረም። ጋሼ ውበቱ አልሳቁም። «የሰው ከብት ጎመን የሚያበላ ሰው እኛ አገር አላየንም» አሉ፤ እንደ ስድብ ሳይሆን እንደ እውነት ነው የተናገሩት። «ስምህን የጠራው አንድ ወፍ ብቻ ቢሆን እናልፈው ነበር። አንድ አይደለም። ስለዚህ ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ነገ ፀሐይ ከአናት ሳታልፍ ከላይ ሰፈር አንድ ዋስ ታመጣለህ። ዋስህ መስቀል ይዞ ‘ይህን ሰው አውቀዋለሁ፣ እጁ ንጹሕ ነው’ ብሎ ይምልልሃል። ያን ጊዜ ነጻ ነህ። ዋስ ካጣህ ግን ከእሳትና ከውኃ ትለያለህ።»

ትርጉሙን ሳልጠይቅ ነገሩኝ። እሳት የሚያቀብለኝ፣ ውኃ የሚያጠጣኝ፣ ጤና ይስጥልኝ የሚለኝ ሰው አይኖርም። ሥራ የሚያሠራኝ አይኖርም። ቤቴ ሰው ቢሞት የሚቀብርልኝ አይኖርም። ልጄን የሚያጫውታት ልጅም አይኖርም። ይህ በላይም በታችም ይጸናል፤ የሰማ የታች ሰፈር ሰው ሁሉ በዝምታ ተቀበለው። አንድ ሰው እንኳ ተነሥቶ «ቆይ እንጂ» አላለም።

ወደ ቤት ስንመለስ አቶ ስንታየሁን ያዝኩት። «ሊቀ መንበር አይደለህ እንዴ? አንድ ነገር በል እንጂ!»

«ወንድሜ ታደለ» አለኝ ትከሻዬን ይዞ፣ «ዋሱ ከላይ ሰፈር ይሁን ብለዋል እኮ። እኛ ብንምልልህ አይቀበሉም። ምን እናድርግ?»

«ፖሊስ ጋ ብሄድስ?»

«ምን ብለህ ትከሳለህ? ሰላም አይሉኝም ብለህ?»

እውነቱን ነው፤ ይህ ነው የሚያናድደው። አልታሰርኩ፣ አልተመታሁ። ሰዎች ሊያናግሩኝ አልፈለጉም ብዬ የምከስስበት አንቀጽ የለም። በተዘጋ በር ፊት ቆሞ ቁልፉ የት እንዳለ አለማወቅ ነው።

ሳይመሽ ወደ ላይ ሰፈር ወጣሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ዛፉን አልፌ በየደጃፉ ቆምኩ። የመጀመሪያውን ሰውዬ ሞፈሩን እየጠረበ አገኘሁት፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ተነሥቶ ተቀበለኝ።

«ታውቀኛለህ?» አልኩት።

«በመንገድ ስታልፍ አይሃለሁ።»

«ክፉ ሥራ ሠርቼ አይተህ ታውቃለህ?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው ማልልኝ!»

ሞፈሩን አስቀመጠና አንገቱን ደፋ። «ወንድም፣ መስቀል ይዤ አውቀዋለሁ ብዬ ነው የምምለው። መች አወቅሁህ? ቤትህ ገብቼ እህል ቀምሸ አላውቅ፣ ቤቴ ገብተህ አታውቅ። ሐሰት ልማል? መስቀሉንስ አንተ ራስህ አልተሳለምህ። ይቅር በለኝ፣ አልችልም።»

ሌሎቹም እንዲሁ መለሱልኝ። አንዱም አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ እመልስ ነበር። ሁሉም «አላውቅህም» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው፤ እኔም አላውቃቸውም ነበር።

መጨረሻ ላይ እማማ ጥሩነሽ ደጅ ደረስኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። ከሳሼ ናቸው። የላሟ በረት ባዶውን፣ በሩ እንደተከፈተ ይታያል፤ እሳቸው ጉልበታቸውን አቅፈው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ አልተነሡም።

«እውነት አበላሃት?» አሉኝ።

«አዎ እማማ። ጎመን ብቻ ነው።»

«ጎመንማ ትወድ ነበር» አሉና እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «አንዳንድ ቀን አፏ ጎመን ጎመን እየሸተተ ትመጣለች። ከየት በላች እል ነበር።»

«እንግዲያው ይማሉልኝ!» አልኳቸው። ተንበርክኬ ነበር፤ መቼ እንደተንበረከክሁ አላስታውስም።

«አይ ልጀ፣ እኔ እኮ ከሳሽ ነኝ። ከሳሽ ዋስ ሆኖ ያውቃል? ሽማግሌዎቹ አይሰሙኝም። ሂድ፣ ልጅህ ትጠብቅሃለች።»

ቤት ስገባ አስቴር ዕቃ እየሸከፈች ነው። «ሶዶ እንሂድ» አለችኝ። «ስማችን እዚያ ታደለና አስቴር ነው፤ እዚህ ምን እንደሆነ አየኸው።» ልጄ አንድ ፍሬ የስንዴ ቆሎ ይዛ «አባየ፣ እንካ» አለችኝ። ተቀብያት ዞር አልኩ፤ ፊቴን እንዳታይ።

በማግስቱ ከወይራው ሥር ቀድሜ ተገኘሁ። ሰው ከላይም ከታችም መጣ፤ የታች ሰፈር ሰው ከዚህ ቀደም አጠገቡ እቀመጥ የነበረው ሁሉ ትንሽ ራቅ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። በእኔ ዙሪያ ባዶ ቦታ ተፈጠረ፤ የአንድ ምንጣፍ ያህል። ያን ባዶ ቦታ እስከዛሬ በሕልሜ አየዋለሁ።

ፀሐይ ከአናት ደረሰች። ጋሼ ውበቱ ተነሡ።

«ዋስህ?»

«የለኝም ጋሼ።»

«ፈልገሃል?»

«የሁሉንም ደጅ ጠንቻለሁ። አያውቁኝም።»

ፊታቸው ላይ ሐዘን ያየሁ መሰለኝ። ቢሆንም ሥርዓት ሥርዓት ነው፤ ለቄሱ ምልክት ሰጡ፣ ቄሱ ተነሡ። እኔ የማስበው ልጄን ነበር፤ ነገ ከጎረቤት ልጆች ጋር ልትጫወት ስትወጣ ምን እንደምላት። ሰው ንጹሕ መሆኑን በምን ያሳያል? ያላደረግሁትን ነገር ከየት አምጥቼ ላሳይ?

በዚህ መሐል ከገደሉ በኩል እማማ ጥሩነሽ ብቅ አሉ። ጠዋት ከስብሰባው አልነበሩም፤ ማንም ልብ አላለም። በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ አንድ ጥቁር ነገር አንጠልጥለው፣ ከሰውነታቸው አርቀው ይዘው ይመጣሉ። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላቸው። መካከል ደርሰው ነገሩን መሬት ላይ ጣሉት። ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል።

«የላሜን አጥንት ልሰናበት ወርጄ ነበር» አሉ። «ጅብ ሁሉን ጨርሷል። ሥጋውን በልቷል፣ ቆዳውን በልቷል፣ አጥንቷን ቆርጥሟል። ይኸን ብቻ ትቶታል። ጅብ እንኳ አልበላም ያለውን ነው ከሆዷ ያገኘሁት!»

ፌስታል ነበር። ጥቁር ፌስታል፣ ሰማያዊ ፌስታል፣ የዳቦ ፌስታል፣ የስኳር ፌስታል፤ እርስ በርሱ ተጠላልፎና ተገምዶ የሰው ራስ የሚያህል ቋጠሮ ሆኗል። ጋሼ ውበቱ በጭራቸው እጀታ ገለጥ ገለጥ አደረጉት። ሁላችንም ቆመን አየነው። የታች ሰፈር ሰው ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሽማግሌ አላስፈለገውም። ላይ ሰፈር ዕቃ የሚገዛው በቅርጫትና በአቁማዳ ነው። እኛ ቆሻሻችንን የምንጥለው ከወንዟ ዳር ነበር፤ ንፋሱም ዝናቡም ወስዶ ሜዳው ላይ ይበትነዋል። ሣር ሲጠፋ ከብት ምን ትብላ?

አቶ ስንታየሁ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይኼ ከከተማው በንፋስ የሚመጣ ነው፤ ከእኛ ብቻ አይደለም» አለ።

ሽማግሌዎቹ ለጥቂት ጊዜ ተማከሩ። ጋሼ ውበቱ ተመልሰው «በዳልቻዋ ሞት የሰው እጅ የለበትም። ታደለ ነጻ ነው፣ ሸንጎው ተፈትቷል» አሉ።

«የሰው እጅማ አለበት» አሉ እማማ ጥሩነሽ እንጨታቸውን እያነሡ። «የማን እንደሆነ እንዴት ተብሎ ይለያል እንጅ።» ይህን ብለው ወደ ቤታቸው አቀኑ። ላማቸውን የተካላቸው አልነበረም፤ ሁሉም ጥፋተኛ ሲሆን የሚጠየቅ ይጠፋል። በሌላ ጊዜ ጎመን ይዤ ሄጄ ነበር፤ «የሚበላልኝ የለም ልጀ» ብለው መለሱኝ።

እኔን ግን የታች ሰፈር ሰው ከበበኝ። እጄን የሚጨብጠኝ፣ የሚያቅፈኝ በዛ። አቶ ስንታየሁ «እኛ እኮ እውነቱ እንደሚወጣ እናውቅ ነበር!» አለ። እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። አለቀስኩ፤ ሁሉንም አቀፍኳቸው። ልቤ ቂም የያዘው በላይ ሰፈር ላይ ነበር። ስሜን የጠሩት፣ ዋስ የከለከሉኝ፣ በወፍ ሊያጠፉኝ የነበሩት እነሱ ናቸው ብዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ በኩል ሳልፍ ፊቴን አዞር ጀመር።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ከከተማ ስመለስ ጋሼ ውበቱን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ዝም ብዬ ላልፍ ስል በጭራቸው አስቆሙኝ።

«ቀና ብለህ አትሄድም» አሉኝ። «ላይ ሰፈር ስታልፍ አንገትህን ደፍተህ ነው አሉ።»

«ስሜን የጠራ ሰው ፊት ቀና ብዬ እንዴት ልለፍ ጋሼ? ማን እንደሆነ ንገሩኝ፣ ቀና እላለሁ።»

«የወፍ ስም አይወጣም። ምየበታለሁ፣ ምየ ልሞት ነው።» ጭራቸውን ትከሻቸው ላይ ጣሉ። «አንድ ነገር ግን ልበልህ። የኛን ሰው አትቀየም።»

«ዋስ ስለከለከሉኝ ነው?»

«ዋስ የከለከሉህ ያላወቁትን ላለመማል ነው፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። እኔ የምልህ ስለ ወፉ ነው። ከወንዟ በእኛ በኩል ያለውን ሰው አትቀየም። ይኼን ካልኩህ በኋላ ሌላ አትጠይቀኝ።»

ትተውኝ ሄዱ። እዚያው መንገዱ ላይ ቆምኩ፤ አንድ ባጃጅ ጥሩንባ እየነፋ አልፎኝ ሄደ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። የጓሮ አጥሬ ከላይ ሰፈር አይታይም፤ ባሕር ዛፉ ይከልለዋል። ለዳልቻዋ ጎመን ሳበላ ሊያዩኝ የሚችሉት ጓሮ ለጓሮ የምንገናኘው የእኔው ጎረቤቶች ብቻ ነበሩ። እየተሳሳቁ ሄደው እየተሳሳቁ የተመለሱት። ቢሮ የረፈደባቸው፣ ሱቅ የዘጉ። መስቀሉ ለላይ ሰፈሮች እንጂ ለራሳቸው የተዘረጋ ያልመሰላቸው። ከመካከላቸው አንዱን መስጠት ነበረባቸው፤ የማንም ዘመድ ያልሆነ፣ አገሩ ሩቅ የሆነ፣ መስቀል የማይሳለም ሰው አጠገባቸው ነበረ። እኔ «እኛ» ስል እነሱ እኔን እንደማይጨምሩ ያን ቀን አወቅሁ።

የማን አፍ እንደሆነ ግን ዛሬም አላውቅም። አንድ አይደለም ተብያለሁ። አቶ ስንታየሁ ይሁን? ጠዋት ጠዋት ልጄን ከልጁ ጋር አብሮ ትምህርት ቤት የሚያደርሳት መምህሩ? እንቁላል ስታጣ አስቴርን የምታበድራት ሴት ባል? ሁሉም ደግ ናቸው። ቤቴ ይገባሉ፣ ቤታቸው እገባለሁ። አስቴር ስትወልድ ገንፎ ያገነፉላት እነሱ ናቸው። ሲያቅፉኝ አቅፋለሁ፤ እያቀፍኩ ግን «አንተ ትሆን?» እላለሁ በሆዴ። ልጠይቅ ብል ምን ብዬ? የሚመልስልኝ የለም፤ ቢመልስልኝስ ምን አደርገዋለሁ? ቤቴ እዚያ ነው፣ ልጄ እዚያ ነች፣ ቆርቆሮውን ነቅዬ አልወስደው።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ምናልባት ይቅር በል ትሉኝ ይሆናል። ይቅር ለማለት እኮ ሰው ያስፈልጋል፤ እኔ ይቅር የምለውን ሰው ነው ያጣሁት። ምናልባትም ለቃችሁ ሂዱ ትሉኝ ይሆናል። የት? በየሄድንበት «ታውቀኛለህ?» ብለን የምንጠይቀው ሰው መኖሩ አይቀርም። ከዚያ ወዲህ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ላይ ሰፈር መውጣት ነው። የዚያ ሞፈር ሲጠርብ ያገኘሁት ሰው ቤት ገብቼ እህል ቀምሻለሁ፤ እሱም የእኔን ቀምሷል። አሁን ቢጠየቅ ይምልልኛል ብዬ አስባለሁ። እርግጠኛ ግን አይደለሁም፤ በምንም ነገር እርግጠኛ መሆን ትቻለሁ።

በቅርቡ ከእኔ ቀጥሎ ያለው ባዶ ቦታ ላይ አዲስ ሰው ገባ። ከሌላ ክልል ኑሮው ተናግቶበት የመጣ ሰው ነው፤ አንድ አይሱዙ ዕቃ፣ ሚስት፣ ልጆች። ፍራሹን ከመኪናው ላይ እያወረድኩለት ሳለ ላቡን ጠረገና ፈገግ ብሎ ጠየቀኝ።

«ወንድሜ፣ የሰፈሩ ሰው እንዴት ነው?»

አቶ ስንታየሁ ከመኪናው ማዶ የአልጋውን ብረት ይዞ ቆሟል። ዙሪያችን ያሉት ጎረቤቶቼ ሁሉ ዕቃ ተሸክመው፣ መልሴን ለመስማት ቀና ብለው ያዩኛል።

«ጥሩ ሰዎች ናቸው» አልኩት፤ ፍራሹንም በአንድ በኩል ይዤ ወደ ቤቱ አስገባሁለት።